ትምህርቱ ካለቀ በኋላ እንጀራው ከወዴት ይምጣ?

ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ ተራራ የሚወጣ መንገደኛ ሽሮ ሜዳ በደረሰ ጊዜ በግራና በቀኝ በየሱቁ ደጃፍ ተሰቅሎ ነፋስ የሚያወዛውዘውን የአገር ልብስ ሳያይ አያልፍም። ነጠላው፣ ኩታው፣ ጋቢው፣ ጥለቱ በየቀለሙ ያጌጠው ቀሚስ ከዚያ ይሸጣል። ከሱቆቹ ጀርባ ባሉት ቤቶች ውስጥ፣ ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች እግራቸውን በጉድጓድ ከትተው፣ መወርወሪያውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እያቀበሉ ቀኑን ይውላሉ። ከዚያ ሳይርቅ በቀጨኔ ሴቶች ጭቃ አቡክተው ጀበናና ምጣድ፣ ድስትና ገንቦ ይሠራሉ። ስለ ጉለሌ ብዙ ነገር ሊነገር ይቻላል፤ ነገር ግን በእጅ ሥራ እንጀራ የሚበላበት ሰፈር መሆኑን የሚክድ አይገኝም።

በዚያው መንገድ በክብረ በዓል ቀን የወጣ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ያያል። ከአብያተ ክርስቲያናቱ ቅጥር ውጭ በሁለት ረድፍ ተቀምጠው እጃቸውን የዘረጉት ሽማግሌዎች ብቻ አይደሉም። ዓይነ ስውር ወጣት አለ፤ እግሩ የማይታዘዝለት ጎልማሳ አለ፤ መስማት የተሳናት ልጃገረድ አለች፤ አእምሮው ከዕድሜው ጋር ያላደገ ልጇን ከፊቷ አስቀምጣ በእርሱ ስም የምትለምን እናት አለች። ከሽመናው ጉድጓድ እስከዚህ ረድፍ ያለው ርቀት በእግር ሲለካ ጥቂት ነው። በኑሮ ሲለካ ግን አንድ ሰው ዕድሜውን ሁሉ ተጉዞ የማይሻገረው ሆኖ ቀርቷል። የዚህም ምክንያቱ የእነዚያ ሰዎች ጉዳት ነው የሚባለው ሐሰት ነው። ምክንያቱ ከልዩ ክፍል ወደ ሥራ የሚያደርሰው መንገድ ሳይሠራ፣ እንደ ተሠራ ተቈጥሮ መተዉ ነው።

ነገሩ እንዲገለጥ አንድ ወጣት ይታሰብ። ዕድሜው አሥራ ስምንት ነው። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት አለበት። በሕፃንነቱ ጎረቤት እንዳያየው በጓዳ ተደብቆ ነበር፤ ኋላ እናቱ ደፍራ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ወስዳ በልዩ ክፍል አስገባችው። በዚያም እጁን መታጠብ፣ ልብሱን መልበስ፣ ስሙን መጻፍ፣ እስከ ሃያ መቍጠር፣ ተራ መጠበቅ ተማረ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ያስተማረችው መምህርትም ከደመወዟ በላይ የደከመች ናት። ነገር ግን ልጁ አሥራ ስምንት ዓመት ከሞላው በኋላም በዚያው ክፍል ከስምንት ዓመት ሕፃናት ጋር ይቀመጣል፤ የሚቀጥለው ደጃፍ አልተከፈተለትምና። በመጨረሻ ወይ ቦታው ለሌላ ይፈለጋል፣ ወይ እናቱ ታማ የሚያመላልሰው ይጠፋል፣ እርሱም ወደ ጓዳው ይመለሳል። አሥር ዓመት የተደከመበት ትምህርት በአንድ ክረምት ይረሳል። እናቲቱ ሌሊት ሌሊት የምታስበው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ እርስዋ ስታልፍ ይህን ልጅ ማን ያበላዋል?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ተሰጥቷል የሚሉ አሉ። መልሱም የሙያ ሥልጠና ነው ይላሉ። በቃሉ ማንም አይጣላም፤ በዕቃው ግን መጣላት ይገባል። በብዙ ስፍራ የሙያ ሥልጠና ተብሎ የሚታየው ምንድር ነው? ጨሌ በክር መሰካት፣ ከወረቀት አበባ መቅደድ፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ማንም የማይገዛውን የእግር መጥረጊያ መስፋት ነው። ዓመቱ ሲፈጸም አዳራሹ በባሎን ይጌጣል፤ የክብር እንግዳ ይጠራል፤ ዕቃው በጠረጴዛ ላይ ይደረደራል፤ እንግዳው እየዞረ «ይህን እነርሱ ናቸው የሠሩት?» እያለ ይደነቃል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ የምስክር ወረቀት ይታደላል። አንድ ሁለቱ እንግዶች ከርኅራኄ የተነሣ አንዳንድ ዕቃ ይገዙና ወደ ቤታቸው ወስደው ከአንድ ጥግ ይጥሉታል። በማግሥቱ አዳራሹ ይጠረጋል፤ ተማሪውም የምስክር ወረቀቱን በላስቲክ አስለብሶ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

በውኑ ይህ ሥልጠና ነውን? ሸማኔ ልጁን ሲያስተምር የክብር እንግዳ ይጠራልን? ልጁ የሠራው ነጠላ በገበያ ዋጋ ካልተሸጠ አባቱ «መልካም ሞከርህ» ብሎ ያጨበጭብለታልን? አያጨበጭብለትም፤ ፈትቶ እንደገና እንዲሠራው ያደርገዋል እንጂ። በዚያ ቁጣ ውስጥ ክብር አለ፤ ልጁ ሠራተኛ ይሆናል ተብሎ ተቈጥሯልና። በአዳራሹ ጭብጨባ ውስጥ ግን የተሰወረ ንቀት አለ፤ ከዚህ ልጅ ከዚህ የበለጠ አይጠበቅም ማለት ነውና። ሥልጠናን የሚመዝነው የታደለው የወረቀት ብዛት አይደለም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ስንቱ ከእጁ ሥራ ዋጋ እየተቀበለ ነው የሚለው ነው። ይህን ቈጥሮ በአደባባይ የሚናገር አሠልጣኝ ቢገኝ ከአሥር አዳራሽ ምርቃት የበለጠ ሥራ በሠራ ነበር።

በጉለሌ ሁለት አሮጌ ንቀቶች ተገናኝተዋል። አንደኛው የእጅ ሥራን መናቅ ነው። ሸማኔውን፣ አንጥረኛውን፣ ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ ነው፣ ጠይብ ነው እያሉ ማዋረድ በአገሩ የቈየ ነውር ነው፤ ቀጨኔ ይህን ስድብ ለብዙ ዘመን የተሸከመች ሰፈር ናት። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጁን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነገሩ፤ ስድቡ ግን በአንድ አዋጅ አልሞተም። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተግባረ ዕድ የሚለውን ስም መያዙ፣ የእጅን ተግባር ከመጽሐፍ ትምህርት ጋር እኩል ለማስቀመጥ የታሰበበት ዘመን እንደ ነበረ ያስታውሳል። ሁለተኛው ንቀት ጉዳት ያለበትን ሰው መናቅ ነው። ሁለቱ ንቀቶች ሲደመሩ «ለማይረባ ሰው የማይረባ ሥራ» የሚል ያልተጻፈ ሕግ ወጣ። ጨሌውና የወረቀቱ አበባ የዚህ ሕግ ፍሬዎች ናቸው።

የተጻፈው ሕግስ ምን ይላል? ሕጉ ከልማዱ ቀድሞ ሄዷል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1971 የአካል ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ድርጅት በትእዛዝ ቁጥር 70 ሲመሠረት ጉዳተኛ የተባለው ራሱን መመገብ ያልቻለና የሚረዳው የሌለው ሰው ነበር፤ በዚያ ቃል ውስጥ ሽማግሌውም ሕፃኑም ተጨምረው ነበር። ይህ ማለት ሕጉ ሰውየውን ያወቀው በለማኝነቱ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 568 ግን ነገሩን ገለበጠው፤ አካል ጉዳተኛ ማለት በአካሉ፣ በአእምሮው ወይም በስሜት ሕዋሱ ካለው ጉዳት ጋር የኅብረተሰቡ አድልዎ ተጨምሮ የሥራ ዕድሉ የተቀነሰበት ሰው ነው አለ። ቀናሹ ተጠያቂ ሆነ ማለት ነው። አሠሪው ለሠራተኛው እንደ ጉዳቱ ተስማሚ መሣሪያና ሁኔታ እንዲያመቻች፣ በውድድርም እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ያመጣውን አካል ጉዳተኛ እንዲያስቀድም ያዝዛል። በ2002 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የዓለም ስምምነት አጸደቀች፤ አንቀጽ 27 የሥራን መብት ይናገራል። ነገር ግን ተቀራራቢ ውጤት ለማምጣት አስቀድሞ ሙያ ያስፈልጋል። ሙያ ላልተማረው ልጅ የቅድሚያ መብት መስጠት ቁልፉ በሌላ ሰው ኪስ ያለውን ሣጥን እንደ መስጠት ነው።

እዚህ ላይ ቤተ ክህነትን የሚነካ ነገር አለ። ጉዳት ያለበትን ሰው ማስተማር ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። በየጉባኤ ቤቱ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ዜማውን፣ ቅኔውንና ትርጓሜውን በቃላቸው ይዘው ሊቃውንት ሆነዋል፤ መምህሩም እንደ ማንኛውም ደቀ መዝሙር ቀጥሎ ወርፎ አስተምሯቸዋል። በአራተኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የነበረው ዲዲሞስ በሕፃንነቱ ዓይኑ ጠፍቶ ሳለ የታላቁ ትምህርት ቤት አለቃ ሆኖ እንደ ነበረ የታሪክ አዋቂዎች ያውቁታል። በአዲሱም ትምህርት የሰበታው መርሐ ዕውራንና ሌሎቹ ትምህርት ቤቶች ብዙ መምህራንና የሕግ ባለሙያዎችን አፍርተዋል። በሕፃንነቷ ዓይኗን ያጣችው የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤ በ2017 እ.ኤ.አ. በስዊድን አገር የሚሰጠውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ማግኘቷ ለዚህ ምስክር ነው።

ይሁን እንጂ ይህ መንገድ የመጽሐፍ መንገድ ነው። ቃል መስማትና ቃል መያዝ ለሚችለው ዓይነ ስውር ተከፈተ፤ ቃሉን ለማይሰማው፣ ወይም ሰምቶ ለማይዘው ግን ምን ተከፈተ? በጉባኤ ቤት መስማት የተሳነው ደቀ መዝሙር ማን አየ? የዓይነ ስውሩ ክብር እነዚህን ሁለቱን እንዳይጋርዳቸው መጠንቀቅ ይገባል። ለእነርሱ የቀረው የእጅ መንገድ ነው፤ የእጅ መንገድ ደግሞ በጉለሌ በየደጁ ያልፋል።

አእምሮው የዘገየ ሰው ሙያ አይዘልቀውም የሚል ቢኖር ይህን ይስማ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ማርክ ጎልድ የሚባል መምህር ነበረ። በተለየ የሥራ ቤት ተቀምጠው ከቀላል ነገር በቀር አይችሉም የተባሉትን ሰዎች 15 ክፍል ያለውን የብስክሌት ፍሬን ገጣጥመው እንዲሠሩ አስተማራቸው። ዘዴው አስማት አልነበረም። ሥራውን በጥቃቅን እርምጃ ከፋፈለው፤ አንዱን እርምጃ እጃቸው እስኪለምደው አስደገማቸው፤ ወደ ሚቀጥለው አለፈ። ብዙ ቃል አልተናገረም፤ አሳየ እንጂ። ተማሪው ባይገባው ጥፋቱን በተማሪው ላይ አላደረገም፤ የማሳያውን መንገድ ለወጠ።

አሁን አንባቢ ይህን ይዞ ወደ ሽሮ ሜዳ ይመለስ። ሸማኔው ልጁን የሚያስተምረው እንዴት ነው? አስቀድሞ ማግ በቀሰም ላይ እንዲያጠነጥን ይሰጠዋል፤ ይህን ብቻ ለወራት ይሠራል። ቀጥሎ ድር ሲደራ ጫፉን ይዞ ይቆማል፤ የተበጠሰ ክር መቀጠል ይለምዳል። ከዚያ በኋላ በጉድጓዱ ጫፍ ተቀምጦ ጥለት የሌለውን ግልጽ ሸማ ይሠራል። ጥለቱን የሚይዘው ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። አባትዬው ንግግር አያበዛም፤ ያሳያል፣ ይፈታል፣ ደግሞ ያሳያል። የኢሊኖዩ መምህር በመጽሐፍ የጻፈውን የጋሞ ሸማኔ ከአያቱ ወርሶ በቤቱ ይሠራበታል ማለት ነው። ልዩ ክፍሉ የሚፈልገው መምህር ከግድግዳው ማዶ ተቀምጦ ሳለ ማንም አልጠራውም።

ነገሩን ወደ ዝርዝር ማውረድ ይሻላል፤ በጥቅሉ የተነገረ ነገር በጥቅሉ ይረሳልና። መስማት የተሳነው ወጣት ለጥለት ሥራ ምን ይጐድለዋል? ጥለት የዓይንና የጣት ሥራ ነው፤ ገዥው የፈለገውን ቀለምና ምሳሌ በናሙና ማሳየት ይቻላል። ዓይነ ስውሩ ባዘቶ በእንዝርት መፍተል፣ ማግ በቀሰም ማጠንጠን ይችላል፤ ጣቱ የክሩን ውፍረትና ቅጥነት ከብዙ ዓይናማ ይልቅ ይለያል። እግሩ የማይታዘዝለት ሰው በጉድጓዱ መቀመጥ አይችልም፤ የሸማኔው እግር እንደ እጁ ይሠራልና፤ ነገር ግን የነጠላውን ጫፍ መቋጨት፣ ቀሚሱን በመርፌ መጥለፍ፣ በልብስ ስፌት መኪና መስፋት ማን ይከለክለዋል? መኪናውም ቢሆን በእጅ ወይም በኤሌክትሪክ የሚዞረው አለ። አእምሮው የዘገየው ወጣት ማጠንጠኑን ከያዘ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ሳይሰለች ይሠራዋል። እንዲህ ያለ ሰው አንድ ሸማኔን ከማጠንጠን ቢያሳርፈው ሸማኔው በዚያ ሰዓት የሚሠራው ሸማ ዋጋ ነው፤ ለአጠንጣኙ የሚከፈለውም ከዚያ ይወጣል። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ ሒሳብ ነው።

በዚችው ከተማ ምስክር የሚፈልግ ሰው ወደ ዘነበ ወርቅ ይሂድ። በዚያ ሆስፒታል አካባቢ የሥጋ ደዌ ጣታቸውን ያደነዘዘባቸው ወንዶችና ሴቶች ፈትለው፣ ሸምነው፣ ጠልፈው ሥራቸውን ለአገር ሰውና ለውጭ እንግዳ ሲሸጡ ኖረዋል። ጥልፋቸውን የገዛው ሰው ጥልፉን ወዶ የገዛው ነው። የኦቲዝምን ነገር በአዲስ አበባ በግልጽ ያነሡትና በ2002 እ.ኤ.አ. የጆይን ማዕከል ያቋቋሙት፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ያረፉት ወይዘሮ ዘሚ የኑስም አስቀድሞ የውበት ሙያ ማሠልጠኛ ባለቤት ነበሩ። የባለሙያ እጅ ወደ ልዩ ትምህርት ሲገባ ምን እንደሚሆን ከዚህ መማር ይቻላል።

ነገር ግን እዚህ ላይ ሁለት ጉድጓዶች አሉ፤ በችኮላ የሄደ ይወድቅባቸዋል።

አንደኛው፣ ጉዳት ያለበትን ሁሉ ያለ ምርጫ ወደ ሽመና መንዳት ነው። መስማት የተሳነው ሁሉ ሸማኔ፣ ዓይነ ስውሩ ሁሉ ቅርጫት ሠሪ ይሁን ማለት የቀድሞው ንቀት አዲስ ልብስ ለብሶ መምጣቱ ነው። ሉዊ ብራይ የኮርቻ ሠሪ ልጅ ነበረ፤ ዓይኑን ያጠፋበት በአባቱ የሥራ ቤት የተጫወተበት ወስፌ ነው። ከፓሪሱ ትምህርት ቤት ገብቶ ኦርጋን መምታት ተማረ፤ በ1829 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ፊደልም ዓይነ ስውራንን ሁሉ አነበበ። ወደ አባቱ ኮርቻ ብቻ ተመልሶ ቢሆን ዓለም ምን ባጣ ነበር! ስለዚህ ልጁ ማጠንጠን ካልወደደ ወደ ዳቦ ቤት፣ ወደ እንጨት ሥራ፣ ወደ አትክልት፣ ወደ ኮምፒውተር ይሂድ፤ ጉለሌ የዕፀዋት ማዕከልም፣ ጋራዥም፣ የእንጨት ቤትም፣ ምግብ ቤትም ያለበት ክፍለ ከተማ ነው። ምርጫው ከሁሉ አስቀድሞ የልጁ ነው፤ መናገር ባይችልም እጁ የሚወደውንና የሚጠላውን ይናገራል። እንዲሁም ጉዳተኞች ብቻ የሚሰበሰቡበት የተለየ የሥራ ቤት መዝጊያ እንጂ መውጫ እንደማይሆን በሌላው ዓለም ታይቷል። ሰዎች «በሥልጠና ላይ ናቸው» እየተባለ ሃያ ዓመት ተቀምጠው በሣንቲም የሚሠሩበት ሆኗል፤ የዓለሙ ስምምነት ኮሚቴም በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው አጠቃላይ አስተያየት ቁጥር 8 ይህን ነቅፎታል። የሚሻለው ልጁን ከሌላው ሠራተኛ ጎን ወደ እውነተኛው የሥራ ቤት አግብቶ በዚያው ማሠልጠን፣ አሠልጣኙም እየተመላለሰ መርዳቱ ነው።

ሁለተኛው ጉድጓድ የባሰ ነው፤ በዝምታ ሊታለፍም አይገባም። በሽሮ ሜዳ ሽመና ውስጥ ከገጠር በሐሰት ተስፋ የመጡ ሕፃናት ያለ ዋጋ፣ ያለ ትምህርት፣ ከንጋት እስከ ሌሊት የሚሠሩበት ክፉ ነገር እንዳለ የታወቀ ነው። ለሚናገረው ልጅ እንዲህ የሆነ፣ ለማይናገረውማ ምን ይሆናል? ልጃገረዲቱስ ከማያውቁት ሰው ቤት ስትውል ማን ይጠብቃታል? እናቶች ልጆቻቸውን በጓዳ የሚደብቁት ሁልጊዜ ከኀፍረት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ከዚህ ፍርሃት ነው፤ ፍርሃታቸውም ከንቱ አይደለም። ስለዚህ ወደ ባለሙያ ቤት የሚሄድ ተማሪ በእጅ መጨባበጥ አይሄድም። ውል ይጻፍ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከ15 ዓመት በታች ያለውን ልጅ መቅጠር ከልክሏል፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለው ወጣትም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ወስኗል፤ ይህ በውሉ ላይ በቁጥር ይስፈር። ዋጋው ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ፣ ጥቂትም ቢሆን፣ በእናቱ ፊት ይከፈል። መምህርቱ ሳታስታውቅ የምትገባበት ቀን ይኑር። ልጃገረዶች ሁለትና ሦስት ሆነው ሴት ባለሙያ ባለችበት ቤት ይመደቡ። ይህን የማይቀበል ባለሙያ ምንም ያህል ጥበበኛ ቢሆን አይመረጥ።

«ሥራ ለጤነኛውም ጠፍቷል፤ ለእነዚህ ከየት ይመጣል?» የሚለው ቃል በከተማው ሁሉ ይሰማል። ብልህ ይመስላል፤ ሲመረመር ግን ጨካኝ ነው። ዳቦ ሲያንስ ደካማውን ከሰልፉ ማስወጣት ፍርድ አይደለም። ደግሞስ ሥራ ያልተሰጠው ሰው መብላቱን ይተዋልን? እናቱ ሥራዋን ትታ ትጠብቀዋለች፤ እኅቱ ትምህርቷን ታቋርጣለች፤ ስለዚህ አንዱን ከሥራ ያስወጣ ከተማ ሁለቱን አስወጥቷል። ልጁ በቀን አምስት ሰዓት ከሥራ ቢውል እናቱ በዚያ አምስት ሰዓት ትሠራለች። ይህን ሒሳብ የማይሠራ የበጀት አዋቂ ምን ዓይነት አዋቂ ነው?

«አስቀድሞ ጸበል ይጨርስ፤ ኋላ ይታሰባል» የሚሉም አሉ። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ለጸበል የሚወጣው ሕዝብ ብዙ ነው፤ እምነቱም አይነቀፍም። ነገር ግን ጧት የተጠመቀ ልጅ ከሰዓት በኋላ ቀሰም እንዳያጠነጥን የሚከለክል ሥርዓት በየትኛው መጽሐፍ ተጽፏል? ፈውስን እየጠበቁ አሥር ዓመት እጅ አጣጥፎ መቀመጥን ያስተማረ መምህር ካለ ስሙን ይንገሩ።

ስለ ብቃት ምዘናው አንድ ነገር ሳይነሣ አይቀርም። ምዘናው የጽሑፍና የተግባር ክፍል አለው። ቀሚስ አስተካክሎ የሚሰፋ፣ ነገር ግን ረጅሙን የጽሑፍ ጥያቄ አንብቦ የማይረዳ መስማት የተሳነው ወጣት በእጁ አልፎ በወረቀት ይወድቃል። በምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ እንዲጠየቅ፣ አእምሮው የዘገየውም የሚችለውን የሥራ ክፍል ብቻ ተመዝኖ በዚያ እንዲመሰከርለት ማድረግ ብዙ ገንዘብ አይፈጅም። ፈቃድ ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ እሱም ከገንዘብ ይልቅ የራቀ ይመስላል።

የሁሉ መጨረሻ ግን ገዥው ነው። ሠልጥኖ የሠራውን የሚገዛው ከሌለ ልጁ ተመልሶ ወደዚያው ረድፍ ይወርዳል። ገዥው ማን ነው? እዚህ ላይ ነገሩ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ወደ ደጀ ሰላም ይዞራል። የጉለሌ አድባራት በየዓመቱ ምን ያህል ጧፍ ይገዛሉ? ጧፍ ከጥጥ ፈትልና ከሰም የሚሠራ ነው፤ ሥራውም ክሩን መለካት፣ መቁረጥ፣ ማጐንጐን፣ ሰሙን ማቅለጥ፣ መንከር፣ ማድቦልቦል፣ መቍጠር፣ ማሰር ተብሎ በእርምጃ የሚከፈል ነው። የጋለውን ሰም ባለሙያ ይያዘው፤ የቀረውን ሁሉ የልዩ ክፍሉ ወጣት ሊሠራው ይችላል። መጋረጃው፣ የመዘምራኑ ቀሚስ፣ የካህናቱ ኩታ፣ የጥላው ዘርፍ እንዲሁ በሽመናና በስፌት የሚሠሩ ናቸው። ይህ ሁሉ ዛሬ ከነጋዴ ይገዛል፤ ነጋዴውም ከየት እንዳመጣው የሚጠይቀው የለም።

አንዱ ደብር ሰበካ ጉባኤ መዝገቡን ሲዘጋ ለንዋያተ ቅድሳት የወጣውን በአንድ ዓምድ፣ ለነዳያን የተሰጠውን በሌላ ዓምድ ጽፎ ይደምራል። ሁለቱ ዓምዶች በአንድ ገጽ ላይ ጐን ለጐን ተቀምጠው ሳለ ተነጋግረው አያውቁም። በሁለተኛው ዓምድ ብር የሚሰጠው ሰው በመጀመሪያው ዓምድ ጧፍ አቅራቢ ቢሆን መዝገብ ያዡ የሚለውጠው አንድ መስመር ብቻ ነው። ጧፉ ጠማማ ከሆነ ይመለስ፤ ቶሎ የሚጠፋ ከሆነ አይከፈልበት፤ እንደ ማንኛውም ሻጭ ይከራከሩት። ለመጪው ዓመት ጧፍ ከማን እንደሚገዛ የሚወሰነውም በጀቱ ሲጸድቅ ነውና፣ አለቃውና ሒሳብ ሹሙ አስቀድመው ወደ ልዩ ክፍሉ መምህርት ዘንድ ሰው ልከው፣ ስንት ወጣት እንዳላትና በወር ስንት እስር ሊያደርሱ እንደሚችሉ ያስጠይቁ።